የበዓል ቀለም ጥገና አይደለም፤ ለጣና ጀልባ ባለቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጣና ሐይቅ ላይ እንግዳ ለምታመላልሱ የጀልባ ባለቤቶች፣ ለነጂዎች፣ እንዲሁም ጀልባ ለምትቀቡ ባለሙያዎች፤



ይህን የምጽፍላችሁ ጀልባዎቻችሁ ዕድሜያቸው ሳይደርስ እያረጁ ስለሆነ ነው። የሚያስረጃቸው ማዕበሉ ብቻ አይደለም፤ የራሳችን የአሠራር ልማድ ነው። በባሕር ዳር ዳርቻ ብዙው ጀልባ እጅ የሚነካው በዓል ሲቃረብ ነው። ጳጉሜ ሲገባ ወይም ጥምቀት ሲደርስ ባለቤቱ ቀቢ ይጠራል። ጀልባው ከውኃ ሳይወጣ ወይም ለአንድ ሌሊት ብቻ ዳር ተጎትቶ፣ በዱቄት ሳሙና ታሽቶ፣ ገና እርጥበቱ ሳይለቅ ቀለም ይደረብበታል። ለበዓሉ ያብረቀርቃል። ወራት ሳይቆጠሩ ቀለሙ እየተላጠ ሐይቁ ላይ ይንሳፈፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በተላጠው ላይ ሌላ ይደረባል።

ይህ ጥገና አይደለም፤ ያልታጠበ ቁስል ላይ ፋሻ ማሰር ነው። ከላይ ንጹሕ ይመስላል፤ ከሥር ያለው ግን በየዓመቱ ይብሳል። እኔ በፋይበርግላስና በቀለም ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተጎዳ ጀልባ ስከፍት የማገኘው ነገር ተመሳሳይ በመሆኑ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ልማዱ የት ላይ እንደሚሳሳት፣ በምን መተካት እንዳለበትም በግልጽ ልናገር።

በመጀመሪያ ስለምንጠብቀው ነገር እንስማማ። የፋይበርግላስ ጀልባ የሚያብረቀርቀው የውጭ ገጹ ጄልኮት ይባላል። ከፋብሪካ ሲወጣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከእሱ ሥር ያለው የመስታወት ጭረትና ሬዚን ጀልባውን የሚሸከመው አካል ነው፤ ፀሐይና ውኃን ግን ብቻውን አይችልም። ስለዚህ ጄልኮቱ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የአካሉ መከላከያ ነው። የብረት ጀልባ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ቀለሙ ነው፤ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ብረቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ ይዝጋል። ገጹን ችላ ያለ ባለቤት መልኩን ብቻ ሳይሆን ንብረቱን ነው የሚያጣው።

የመጀመሪያዋ ጠላት ፀሐይ ናት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለውና ቀለም የሚያጠፋው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ አናታችን ላይ ትቆማለች። የነሐሴዋን ደመና ይሸፍናታል፤ የሚያዝያዋን ግን የሚከልላት የለም። ይህ ጨረር የጄልኮቱን የላይ ገጽ ይሰባብረዋል። መጀመሪያ ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ቀጥሎ መዳፍ ሲያሻሹበት ነጭ ዱቄት ይወጣል። ያ ዱቄት የሞተ ጄልኮት ነው።

የበዓል ቀለም የሚቀባው እንግዲህ በዚህ ዱቄት ላይ ነው። ቀለሙ የያዘው ጀልባውን ሳይሆን አቧራውን ነው፤ አቧራው ሲለቅ አብሮ ይለቃል። በጠፍጣፋ በጠፍጣፋ የሚላጠው ለዚህ ነው። ብዙ ባለቤቶች ወዲያው ቀለሙን ይወቅሳሉ፤ ከሌላ ሱቅ የተሻለ የተባለውን ይገዛሉ። በዱቄት ላይ የሚይዝ ቀለም ግን የለም። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የሚያጣብቅ ፕላስተር ቆርጦ፣ ጠበቅ አድርጎ ለጥፎ፣ በአንድ ጊዜ ይንቀለው። ቀለም ይዞ ከመጣ ከሥር ያለው ሥራ አልተሠራም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጠላት ውኃው ራሱ ነው። ጨው የሌለው ውኃ ለጀልባ የዋህ የሚመስላቸው አሉ። ለፋይበርግላስ ግን ጣፋጭ ውኃ ከባሕር ውኃ ይልቅ በቀላሉ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሞቅ ያለ ውኃ ደግሞ ይብሳል። ጀልባው ዓመቱን ሙሉ ውኃ ላይ ታስሮ ከኖረ፣ እርጥበቱ ጄልኮቱን አልፎ ከሬዚኑ ጋር ይገናኝና ገጹ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውኃ ይቋጥራል። እብጠቱን ሲወጉት ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣል። ፈሳሹ ዓይን ስለሚጎዳ መነጽር ሳያደርጉ መውጋት አይገባም። በእንዲህ ያለ አካል ላይ ሳያደርቁ ቀለም መደረብ እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እብጠቱ በዝቶ ይጠብቃችኋል።

መድኃኒቱ ማድረቅ ነው። አንድ ሌሊት ማሳደር ማድረቅ አይባልም፤ ሳምንታት ይወስዳል። መድረቁን ለማየት አንድ ክንድ የሚያህል ግልጽ ፕላስቲክ በአካሉ ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ዝጉት። በማግሥቱ ከፕላስቲኩ ሥር ጠብታ ካያችሁ ገና አልደረቀም። ይህ ርካሽና ሻካራ ፈተና ነው፤ ቢሆንም ከግምት ይሻላል።

በዚህ ነገር ከታንኳ ሠሪዎች መማር ነበረብን። ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራው የጣና ሰው ከሥራ ሲመለስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ዳር ያቆመዋል፤ ውኃው ይንጠፈጠፋል፣ ደንገሉ ይደርቃል። ውኃ የጠጣ ደንገል እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ያውቃልና። ይህ ዕውቀት በሐይቃችን ላይ የሞተር ጀልባ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። እኛ ግን ብዙ ብር የወጣበትን ጀልባ ከዓመት ዓመት ውኃ ላይ አስረን እንተዋለን።

ሦስተኛው ጉዳት ከእጃችን የሚመጣ ነው። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለል ይዘው ይገባሉ፤ ውኃው ቡናማ ይሆናል። ያ ደለል በጀልባው ጎን ላይ ይደርቃል። ነጂው ውኃ ሳያፈስበት በደረቁ ሲፈገፍገው ደለሉ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ጄልኮቱን ይፍቃል። በውኃው መስመር ላይ የቀረውን ቢጫ ቀለበት ለማስለቀቅ በረኪናና የሽቦ ብሩሽ የሚያነሱም አሉ። ቀለበቱ ሲሄድ ከጄልኮቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይም አብሮ ይሄዳል። የቀረው ገጽ ሻካራ ስለሆነ በሚቀጥለው ወር ቆሻሻውን አብልጦ ይይዛል።

ትክክለኛው መንገድ ይቀላል። አስቀድሞ ብዙ ውኃ አፍስሶ ደለሉን ማውረድ፤ ከዚያ ለስላሳ ስፖንጅና ለዘብ ያለ ፈሳሽ ሳሙና፤ ከዚያ ማለቅለቅና በጨርቅ ማድረቅ። ለቢጫው ቀለበት ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት ማስለቀቂያ ጓንት አድርጎ መቀባት፣ ጥቂት ደቂቃ መተው፣ በደንብ ማጠብ ይበቃል። ሞተሩ ባለበት በኋላ በኩል የሚጠቁረውን ጥላሸትም ትኩስ ሳለ ካጠቡት ሳሙና ያነሣዋል። ወራት ከቆየ ግን ገጹን ሳይፍቁ አይለቅም።

የደበዘዘ ገጽ ሁሉ ቀለም አያስፈልገውም፤ ይህን ባለቤቶች በተለይ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ዱቄቱ ስስ ከሆነ በማጽጃ ኮምፓውንድ ተወልውሎ፣ ፖሊሽ ተደርጎ፣ ሰም ሲቀባ ጄልኮቱ ራሱ ያበራል። ግን ኮምፓውንድ በተደረገ ቁጥር ጄልኮቱ እንደሚሳሳ መዘንጋት የለበትም፤ በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሰሙ ግን በደጋው ፀሐይ ሥር ጥቂት ወራት ብቻ ስለሚቆይ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታደስ። ውኃ ሲረጩበት እየተንከባለለ ከወረደ ሰሙ አለ፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተኛ አልቋል።

አሁን ወደ ዋናው ወቀሳዬ ልምጣ። ጥፋቱ የቀቢው ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም በአብዛኛው የባለቤቱ ነው። ቀቢውን የምትጠሩት በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የምትዋዋሉት ለጀልባው በጅምላ ነው። ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መፋቅ፣ ስንጥቁን በሬዚን መሙላት ከጠቅላላው ሥራ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፤ በሒሳባችሁ ውስጥ ግን የለም። የሚታየው ቀለም ይከፈልበታል፤ የማይታየው ዝግጅት አይከፈልበትም። እንዲህ ባለ ውል ሥር በጥንቃቄ የሚሠራ ቀቢ ይከስራል፤ በዱቄት ላይ የሚለቀልቅ ያተርፋል። ከዚያ ቀለሙ ሲላጥ ሁላችንም ቀቢውን እንሰድባለን። ሰው የሚሠራው የሚከፈለውን ነው፤ ጥሩ ሥራ የምንፈልግ ከሆነ ዝግጅቱን ለብቻው ተምነን እንክፈል።

በቀረው ዓመት ደግሞ ጀልባው ጠባቂ የለውም። ነጂው የሚከፈለው በጉዞ ነው፤ ማጠብ የሥራው ክፍል ነው ያለው የለም። ባለቤቱ ገቢውን ይቆጥራል፤ ገጹን አይመለከትም። ወረርሽኝና ግጭት በነበረባቸው ዓመታት እንግዳ ሲጠፋ ጀልባዎች ታስረው ከረሙ፤ አልሠሩምና አይጎዱም ተባለ። የታሰረ ጀልባ ግን ከሚሠራው ይልቅ ይጎዳል፤ ፀሐይ በአንድ ጎኑ ትውላለች፣ ዝናብ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ገመዱ አንዱን ቦታ ሲፍቅ ይከርማል። ገቢ ሲቋረጥ ገንዘብ እንደሚያጥር አውቃለሁ። ሸራ ማልበስና ውኃ መጭለፍ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ሸራው ትንሽ ልጨምር። እንግዶቻችንን ወደ ዘጌ የምንወስደው እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ ገዳማትን ሥዕል ሊያዩ ነው። ሥዕሎቹ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ለትውልድ የቆዩበት አንዱ ምክንያት ዙሪያውን ያለው ቅኔ ማኅሌትና ሰፊው የሣር ክዳን ፀሐይና ዝናብን ስለከለሏቸው ነው። አባቶቻችን ቀለምን በጥላ ጠበቁ። ጀልባችን ላይ ይህን ጥበብ የማንጠቀምበት ምክንያት የለም። ሸራው ግን ገጹን ነክቶ እንዳይፍቅ ከፍ ብሎ ይወጠር፤ አየር የሚያስገባ ክፍተትም ይኑረው። ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ፕላስቲክ እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ካለመሸፈን ይብሳል።

ቀለም የግድ በሚያስፈልግበት ጊዜስ? ወቅቱን ሐይቁ ራሱ ይነግረናል። ጣና የሚሞላው ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ነው። በጳጉሜ አየሩ እርጥብ ነው፤ ሌሊት ጤዛ ይወርዳል፣ ከሰዓት ይዘንባል። በዚያ ሰሞን የተቀባ ባለ ሁለት አካል ቀለም ሳይጠነክር እርጥበት ያገኘዋል፤ ይደበዝዛል ወይም በደንብ አይይዝም። መጋቢትና ሚያዝያ ግን ደረቅ ናቸው፤ የጥር ግርግርም አልፏል። ጀልባ መውጣት ያለበት ያኔ ነው። ቀትሩ ስለሚያቃጥል ጠዋት ጠዋት፣ በጥላ ሥር ይቀባ። በጋለ ገጽ ላይ የተቀባ ቀለም ሳይዘረጋ ይደርቃል፤ የብሩሹም መስመር ይቀራል።

የቀለሙ ዓይነትም ጉዳይ አለው። ለቤት በርና መስኮት የተሠራ የዘይት ቀለም ውኃ ውስጥ እንዲኖር አልተሠራም። ውኃ ውስጥ ለሚውለው ክፍል ኢፖክሲ ይሻላል፤ ኢፖክሲ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ዱቄት ስለሚያወጣ ከውኃው መስመር በላይ ፖሊዩሬቴን ይደረብበት። ባለ ሁለት አካል ፖሊዩሬቴን ግን ለቀቢው ሳንባ አደገኛ ነው፤ በተለይ በስፕሬይ ሲረጭ። በሮለርና በብሩሽ መቀባት ይመረጣል፤ ትክክለኛ የጋዝ ጭንብልም ያስፈልጋል። አፍን በሻርፕ መሸፈን ጥበቃ አይደለም፤ ጭንብሉን የሚገዛውም ባለቤቱ መሆን አለበት። ለብረት ጀልባ ዝገቱ እስከ ብሩህ ብረት ድረስ ይፋቅ፤ እርጥበት ሳያገኘው በዚያው ቀን አንቲራስት ይቀባ። ብየዳውና ጠርዙ ላይ ቀለም ስለሚሳሳ አስቀድሞ በብሩሽ ለብቻው ይነካ።

የባሕር ጀልባ ሥር የሚቀባውን መርዛማ ቀለም ለማስመጣት የሚያስቡም አሉ። ያ ቀለም በዋናነት የተሠራው በጨው ውኃ ጀልባ ላይ ለሚጣበቁ ባለ ቅርፊት ፍጥረታት ነው፤ እነሱ በጣና የሉም። እኛ ዘንድ የሚያድገውን አረንጓዴ ዝልግልግ ስፖንጅ ያወርደዋል። መዳብና ሌላ መርዝ በከንቱ ወደ ሐይቁ አንጨምር።

የሐይቁ ነገር ከተነሣ ይህም ይታሰብ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በዳርቻው ከዚሁ ውኃ የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ፤ ዓሣውንም ሁላችንም እንበላለን። ቢሆንም አሮጌ ቀለም ዳር ላይ በግራይንደር ይፋቃል፤ ብናኙ ወደ ውኃው ይነፍሳል፤ ብሩሽ የታጠበበት ቲነር እዚያው ይደፋል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስን የሚገድብ ደንብ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ከዚያ በፊት የተደራረበው ቀለም ውስጥ ግን እርሳስ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሚፋቀው እየራሰ ይፋቅ፤ ሥራው ከዳርቻው ርቆ፣ ሸራ ተነጥፎ ይሠራ፤ ፍቅፋቂውና ቲነሩ ተሰብስቦ ይወገድ። እምቦጭ አረም ካለበት አካባቢ የተመለሰ ጀልባም የማሽከርከሪያ ምላጩና ገመዱ ይፈተሽ፤ ቁራጩ ወደ ንጹሕ ዳርቻ እንዳይሻገር ደረቅ ላይ ይጣል።

ሥራውን በዓመቱ ላይ እንደሚከተለው እንድታደላድሉት እለምናለሁ።

በጥቅምት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ደለሉ ታጥቦ የውኃው መስመር ይጽዳ፤ ለእንግዳው ወቅት አዲስ ሰም ይቀባ።

ከጥምቀት በኋላ ጀልባው በሙሉ ይፈተሽ። ውኃው እየወረደ ሲሄድ የዘጌና የደሴቶቹ ጥቁር ድንጋይ ብቅ ስለሚል የፊት ጫፉ የሚጎዳው ያኔ ነው። ጄልኮቱን አልፎ እስከ ጭረቱ የደረሰ ቁስል በዚያው ሳምንት በሬዚን ይደፈን። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ለመከላከያ የሚንጠለጠለው ጎማም ጥቁር መስመር እንዳይተውና ገጹን እንዳይፍቅ ጨርቅ ይልበስ።

በመጋቢትና በሚያዝያ ጀልባው ከውኃ ይውጣ፤ ይድረቅ፤ የሚጠገነው ይጠገን፤ ቀለም የሚያስፈልገው ይቀባ። ብዙ ጀልባ ያላችሁ ማኅበራት በተራ በተራ ብታወጡ ሥራው አይቆምም።

በግንቦት መጨረሻ ሁለተኛው ሰም ይቀባ፤ ሸራው ተጠግኖ ይወጠር፤ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ይጸዱ። በክረምት የዝናብ ውኃ ይጨለፍ፤ ገመድ የሚፍቀው ቦታ ይታይ። በዚህ ጊዜ ቀለም አይነካ።

ለመስከረም 1 ጀልባው ታጥቦ ይወልወል። ዓመቱን ሙሉ የተጠበቀ ጀልባ ለዕንቁጣጣሽ አዲስ ቀለም አያስፈልገውም።

ነጂዎች፣ እናንተ ጀልባውን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ከጉዞ በኋላ አሥር ደቂቃ ማጠብ የሥራችሁ ክፍል እንዲሆንና እንዲከፈልበት ጠይቁ። ቀቢዎች፣ እርጥብ ጀልባ ላይ ቅቡ ስትባሉ እምቢ በሉ፤ አንዱ እምቢ ሲል ሌላው እየተቀበለ ሥራው ስለሚረክስ ይህን በአንድነት አድርጉት። ባለቤቶች፣ ገንዘቡም ውሳኔውም በእናንተ እጅ ስለሆነ ትልቁ ኃላፊነት የእናንተ ነው። ማጠብን ለአንድ ሰው በስም ስጡ፤ ዝግጅትን ከቀለም ለይታችሁ ክፈሉ፤ ለመጋቢት ሥራ የሚሆነውን ከጥር ገቢ ላይ አስቀምጡ።

እንግዳው ወደ ጀልባችሁ ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው የውጭ ገጹን ነው። ከተላጠ ጎን ላይ ሆኖ የሕይወት ጃኬት ሲሰጠው፣ ሞተሩም እንዲሁ የተያዘ ይሆን ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ገጹን በየወቅቱ የሚጠብቅ ባለቤት ስንጥቁን፣ ገመዱንና ሞተሩንም አብሮ ያያል፤ የማይመለከተው ደግሞ ሁሉንም በአንድነት ያጣል። ስለዚህ ለመጪው በዓል ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ገንዘብ ለሸራ፣ ለሰምና ለሚያጥበው ሰው አውሉት፤ ቀለሙ እስከ መጋቢት ይቆይ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጣና ዳር ልጅና የሙያ ባልደረባችሁ